የልብስ ግዢ ሥራ ለመማር ላሰባችሁ

ውድ ልጆቼ፣

“ፋሽን እወዳለሁ፤ ለሱቅ ልብስ እየመረጥኩ የምገዛበት ሥራ እፈልጋለሁ” የምትሉኝ በዝታችኋል። መልካም ነው። ነገር ግን ገዢ የሚባለው ሰው ራሱን የሚያምረውን አይገዛም። የሌላ ሰው ገንዘብ ይዞ፣ ገና ያልመጣ ደንበኛ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ምን እንደሚለብስ ገምቶ ይገዛል። ልብስ መውደድ ክፉ አይደለም፤ ብቻውን ግን የሱቅ ኪራይ አይከፍልም።

ትምህርቱን ካልተሸጠው ልብስ ጀምሩ። የተሸጠውን ሁሉም ያወራለታል፤ ጥግ ላይ የተሰቀለውን ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ሒሳቡን እንመልከት። ኢስታንቡል፣ ላሌሊ ሰፈር ያሉ ጅምላ ነጋዴዎች አንድን ሞዴል በነጠላ አይሸጡላችሁም፤ “ሴሪ” ይሉታል፣ ከትንሹ ልክ እስከ ትልቁ አብሮ የታሰረ ነው። አራት ቀሚስ ያለበት ሴሪ አዲስ አበባ እስኪገባ እያንዳንዱ 1,500 ብር ፈጀ እንበል፤ በድምሩ 6,000 ብር። ሦስቱ በ2,400 ሲሸጡ 7,200 ብር ይገባል። ባለሱቁ “አለቀ እኮ!” ብሎ ይደሰታል። እስካሁን ያገኘው ግን 1,200 ብር ነው። ከሚጠበቀው 3,600 ብር ትርፍ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያልተሸጠችው ትንሿ ልክ ላይ ተንጠልጥሏል። እርሷ ስድስት ወር ቆይታ በግማሽ ዋጋ ብትሄድ ምን እንደሚተርፍ እናንተው አስሉት።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። የተሸጠውን የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ይይዝላችኋል፤ ጠይቆ አጥቶ የሄደውን ደንበኛ የሚመዘግብ ማሽን ግን የለም። “ይህ ሰፋ ያለ ልክ የለውም?” “እጅጌ ያለው የለም?” የሚሉትን በዚያው ሰዓት፣ በቃላቸው ጻፉ። ሻጮች ማታ ላይ ረስተውታል።

ስለ መቶኛ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በ1,000 ገዝቶ በ1,500 የሸጠ ሰው “ሃምሳ በመቶ አተረፍኩ” ይላል። ከመግዣው አንጻር እውነት ነው፤ ከመሸጫው አንጻር ግን 33 በመቶ ነው፣ ቅናሽ የሚቆረጠውም ከመሸጫው ነው። በሩ ላይ “30 በመቶ ቅናሽ” ብሎ ሲለጥፍ ልብሱን በ1,050 ብር ሰጠ ማለት ነው፤ ኪራይና ደመወዝ ሳይነሣ የተረፈው 50 ብር ነው። ይህን ሳያሰላ ለዓመታት የነገደ ሰው ሞልቷል።

የቀን መቁጠሪያን ነገር በደንብ ያዙልኝ። ሐምሌ ላይ ኢስታንቡልና የቻይናዋ የንግድ ከተማ ጓንግዡ በሙቀት ሲነዱ የአዲስ አበባ ሰው ጃኬት ይፈልጋል። እነርሱ የብርድ ልብሳቸውን በቅናሽ የሚያራግፉት ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ የእኛን የክረምት ሹራብ ያኔ መግዛት ነው። ወፍራሙን ግን ተዉት፤ የእኛ ብርድ የበረዶ ብርድ አይደለም። በጅቡቲ በኩል በመርከብ የሚመጣ የእንቁጣጣሽ ልብስ ግንቦት ላይ ካልተወሰነ ለመስቀልም ላይደርስ ይችላል። የሰርግ ልብስ ደግሞ ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሳምንታት ካልወጣ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ከልብሱ ጋር አብራችሁ ትጾማላችሁ። ዒድ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ የአምናውን ወር ሽያጭ ከዘንድሮው ተመሳሳይ ወር ጋር ማስተያየት የልጆች ልብስ ገዢን ያሳስታል። በዓሉን ከበዓሉ ጋር አስተያዩ።

በዋጋ ተመን ላይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በድሮው መግዣ ተምኖ መደርደሪያውን ባዶ ያደረገ ነጋዴ “ሸጥኩ” አለ፤ ዕቃውን ሊተካ ሲሄድ ገንዘቡ ወደ ግማሹ ብቻ ነበር የሚገዛለት። ዋጋ ስታወጡ “በስንት ገዛሁት?” ብላችሁ አትቁሙ፤ “ነገ በስንት እተካዋለሁ?” በሉ።

ጨርቅ ማወቅ የግድ ነው። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መማር የቻለ በሥርዓት ይማራል፤ ያልቻለ በእጁ ይማር። ልብሱን ገልብጡት። ስፌቱ አጠገብ የተተወ ትርፍ ጨርቅ ከሌለ ደንበኛችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ልታሰፋው አትችልም፤ የእኛ አገር ደንበኛ ደግሞ ታሰፋለች። ነጭ መሐረብ አርጥባችሁ ቀዩን ጨርቅ እሹት፤ ቀለሙ መሐረቡ ላይ ከወጣ ነገ የደንበኛዋ ነጠላ ላይ ይወጣል። “ጥጥ ነው” ካሏችሁ አንድ ክር መዝዛችሁ በእሳት አስነኩት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ሽሮ ሜዳም ስትወጡ ጥበቡን ገልብጣችሁ እዩ፤ የተሸመነው በጀርባውም ክሩ ይታያል፣ የታተመው በጀርባው ይገረጣል። የታተመውን አትሽጡ አልልም፤ በተሸመነው ዋጋ የሚሸጥ ግን ሌባ ነው፤ ከእርሱ ጋር አትሥሩ።

በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግዱ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። የሚመጡት ድርጅቶች ስለ ውበት ከመጠየቃቸው በፊት የትኛው ልክ በስንት ሳምንት እንዳለቀ በሰንጠረዥ የሚያሳያቸው ሰው ይፈልጋሉ። ኮምፒውተር ላይ ቁጥር መደርደርን ካሁኑ ተለማመዱ።

ሥራ ፍለጋ ስትሄዱ፣ ስለ ደመወዝ ከመነጋገራችሁ በፊት ካለፈው ዓመት የተረፈውን ዕቃ ለማየት ጠይቁ። መጋዘኑን ከፍቶ ያሳያችሁ ባለሱቅ ዘንድ በሻጭነትም ቢሆን ግቡ። “እኛ ዘንድ የሚተርፍ ዕቃ የለም” ካላችሁ ግን አመስግናችሁ ቀጥሎ ወዳለው ሱቅ እለፉ።