ከዜሮ በታች ስታጠምድ ክሩና የዘንጉ ቀለበት በረዶ እንዳይዝ

ሰላም ወንድሜ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ ሆነህ ለጠየቅከው ነው፦ «ከሐዋሳ ይዤው የመጣሁት ዘንግ ቦው ወንዝ ላይ ጥቂት ወርውሬ ሳልጨርስ ቀለበቱ በበረዶ ይደፈናል፤ ቫዝሊን ብቀባም ተመልሶ ይይዛል፤ ምን ይሻላል?» ቫዝሊኑ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ምክንያቱን ካወቅክ መፍትሔው ራሱ ይመጣል።

በረዶውን ክሩ ወደሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች የሚያመጣው ራሱ ክሩ ነው። በጠቀለልክ ቁጥር ክሩ ስስ የውሃ ሽፋን ለብሶ ይወጣል። ቀለበቱ ያንን ውሃ ከክሩ ላይ ይጠርገዋል፤ ብረቱም ከዜሮ በታች ስለቀዘቀዘ ውሃው እዚያው ይረጋል። የጫፉ ቀለበት እርጥቡን ክር ቀድሞ ስለሚያገኝና ከሁሉም ጠባብ ስለሆነ መጀመሪያ የሚደፈነው እሱ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ በቀለበቶቹ ውስጥ የሚያልፈውን እርጥብ ክር መቀነስ ነው። ቅባት ሁለተኛ ነው።

ከክሩ እንጀምር። ብሬድ የሚባለው የተገመደ ክር ከሆነ ለክረምቱ አውጣው። ከብዙ ቀጫጭን ፈትሎች የተገመደ ስለሆነ እንደ ኩራዝ ክር ውሃ ይመጥጣል፤ ያ ሁሉ ውሃ ቀለበት ላይ ይራገፋል፤ የቀረው ደግሞ ክሩ የሚጠቀለልበት ስፖል ላይ ክሩን እርስ በርስ ያጣብቀዋል። ነጠላ ናይለን ይሻላል፤ ውፍረቱ ከ0.20 እስከ 0.23 ሚሊሜትር ይበቃል። እኛ ለአምባዛ የምንጠቀምበት ወፍራም ናይለን በብርድ ይደርቅና እንደ ሽቦ ተጠቅልሎ ይቀራል፣ አያገለግልም። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ውሃ አይመጥጥም፣ ነገር ግን ይሰምጣል፤ ቡሽ ላንሳፍፍ ካልክ ለመንጠቆው ጫፍ ብቻ አድርገው።

ቀጥሎ አጠማመዱ። ወርውሮ ወዲያው መጠቅለል፣ ደግሞ መወርወር፣ ከሁሉም በላይ በረዶ የሚያስይዘው ይህ ነው። ቡሽ አድርገህ ከጅረቱ ጋር ረጅም መንገድ እንዲሄድ ተወው፤ አንድ ውርወራ አንድ ደቂቃ ከቆየ ከሦስት ፈጣን ውርወራዎች ያነሰ ውሃ ያመጣል። ክረምት ላይ ትራውት የሚባለው የወንዙ ዓሣም ጥልቅና ዝግ ያለ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ስለሚቆይ ቀስ ማለቱ በረዶውንም ይቀንሳል፣ ለማጥመዱም ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ ግን የምመርጥልህ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ልጆቹ ቆሮሶ የሚያወጡበትን ዓይነት ነው፦ ክሩ ዘንጉ ጫፍ ላይ የታሰረ፣ ሪልም (የክር መጠቅለያ) ቀለበትም የሌለው። ቀለበት ከሌለ የሚደፈን ነገር የለም። ጃፓኖች ይህንኑ ዓይነት ቴንካራ ይሉታል፤ እዚያ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ውስጥ ተዘርግቶ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን ታገኛለህ። የክሩ ርዝመት ከዘንጉ ጋር እኩል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ይሁን። ጉድለቱ ትልቅ ዓሣ ሲሮጥ የምትለቅለት ክር አለመኖሩ ነው፤ ስለዚህ የመንጠቆውን ጫፍ ክር ቀጭን አድርገው፣ ዘንጉ ከሚሰበር ክሩ ይበጠስ።

በሪል የምትቀጥል ከሆነ ቅባቱን በአግባቡ ቀባ። ቀለበቶቹ ደርቀው፣ ቤት ውስጥ ሳለህ፣ በጣት ስስ አድርገህ ከውስጥ በኩል ብቻ። ወፍራም ቅባት ቆሻሻ ይይዛል፣ ክሩም ይዞት ይሄዳል። ቫዝሊን፣ የከንፈር ቅባት፣ ለዓሣ ክር የተሠራ ሲሊኮን ሁሉም ይሠራሉ። በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ለማጥመድ የሚሆነው ወፍራም ክር (ፍላይ ላይን) ካለህ ግን ቫዝሊኑን ተውና ሲሊኮኑን ያዝ፤ ቫዝሊን የነዳጅ ተዋጽኦ ስለሆነ የክሩን ሽፋን ሊጎዳ ይችላል። ብርዱ ከጠና በየግማሽ ሰዓቱ መድገም ይኖርብሃል። የማሽን ማላቀቂያ ስፕሬይ አትንፋበት፣ ወደ ውሃው ይገባል።

በረዶው ከያዘ በኋላ ሰዎች ዘንጉን ድንጋይ ላይ ያንኳኳሉ ወይም በጥፍር ይፈለቅቃሉ። እባክህ ይህን አታድርግ። የቀለበቱ የውስጥ ሴራሚክ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ለዓይን አይታይም፣ ክሩን ግን ይበላዋል። የዘንጉን ጫፍ ወንዙ ውስጥ ንከረው፤ ፈሳሽ ውሃ ከበረዶው ስለሚሞቅ በጥቂት ሰከንድ ይለቃል። አውጥተህ ወዲያው አራግፍ፣ ካልሆነ ያው ውሃ ተመልሶ ይረጋል። በጣትህ ጨምቀህ ማቅለጥም ትችላለህ። በአፍህ ግን በፍጹም፤ የቀዘቀዘ ብረት ከንፈርና ምላስ ላይ ይጣበቃል።

ከመወርወርህ በፊት ቀለበቱን ከበረዶ አጽዳው። ዓሣው ተይዞ ሲሮጥ ክሩ የጫፉ ቀለበት ላይ ከተቀረቀረ ሪሉ መልቀቅ አይችልም፣ ክሩ እዚያው ይበጠሳል። ትልልቆቹ የሚያመልጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ሪሉን ውሃ ውስጥ አትክተት፤ ክሩ የሚዞርባት ትንሿ ተሽከርካሪ ከረጋች ክሩ ይጠመዘዛል። ውስጡ ያለው ግሪስ በብርድ ስለሚወፍር በቀጭን ዘይት ቀይረው። ዘንጉን ሞቃት መኪና ውስጥ ካስገባህ ያልበዋል፤ መልሰህ ከማውጣትህ በፊት በጨርቅ አድርቀው።

ቀኑንም ምረጥ። እስከ 3 ወይም 4 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ከላይ ያልኩት ይሠራል፤ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ ካለፈ ዘንግ ስታጸዳ ትውላለህ። ካልጋሪ ላይ ከሮኪ ተራሮች የሚወርደው ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ በሰዓታት ውስጥ አየሩን ከዜሮ በላይ ያወጣዋል፤ ያን ቀን ጠብቅ። የወንዙ ዳር በረዶ ላይ ግን በሞቀም ቀን አትቁም፣ ከሥሩ ጅረቱ ቦርቡሮት ሊሆን ይችላል። የምትለቀውን ዓሣ ውሃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን አውጣለት፤ በዚያ ብርድ አየር ላይ ስንጥቡ ቶሎ ይጎዳል።