በሃሪኬን ውስጥ ድንበር ማውጣት ከፈለግሽ አየሩን ተከተዪው

እህቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የተነሳውን ከባድ የውቅያኖስ አውሎ ነፋስ፣ የሃሪኬን ኢዛቤልን ዳታ ይዘሽ የዓይኑን ግድግዳ (ጸጥ ያለውን መሃል የከበበውን የኃይለኛ ነፋስ ቀለበት) ድንበር በቮርቲሲቲ ለመቁረጥ ስትሞክሪ፣ የመቁረጫውን ቁጥር በነካሽ ቁጥር ድንበሩ ቦታ እንደሚቀይር ጽፈሻል። የትኛው ነው ልክ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ዳታ ላይ ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

እውነቱን ለመናገር አንዱም ልክ አይደለም። ቮርቲሲቲ የሚነግርሽ አየሩ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል እንደሚሽከረከር ነው። አንቺ የፈለግሽው ግን የትኛው አየር ውስጥ እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚወጣ ነው፤ ይሄ ደግሞ አየሩን ለሰዓታት ካልተከተሉት አይታወቅም።

ስለዚህ ወደ ኤፍቲኤልኢ (FTLE)፣ ማለትም ጎረቤታም የአየር ቅንጣቶች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ ወደሚለካው ዘዴ ግቢ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በዳታው ላይ ምናባዊ ቅንጣቶችን ጥቅጥቅ አድርገሽ ትዘሪያለሽ፣ በሩንጌ ኩታ (መንገዳቸውን በትንንሽ የጊዜ እርምጃዎች በሚያሰላ ስልት) ታስኬጃቸዋለሽ፣ ከዚያ ጎን ለጎን የነበሩት ምን ያህል እንደተራራቁ ትለኪያለሽ። ልኬቱ ከፍ ያለበት ቦታ እንደ ሸንተረር ጎልቶ ይወጣል። ጊዜውን ወደፊት ስታስኬጂ አየር የሚለያይባቸው ሸንተረሮች ይታዩሻል፣ ወደኋላ ስታስኬጂ ደግሞ አየር የሚሰበሰብባቸው። ተመራማሪዎቹ ሳፕሲስና ሃለር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሥራ ይህንኑ የመሰለ መንገድ በኢዛቤል ላይ ሞክረዋል፤ የዓይኑ ግድግዳና አንድ ትልቅ የዝናብ ቀበቶ በግልጽ የወጡላቸው በሰብሳቢዎቹ ነው። በዓይኑ ውስጥ ያሉት ለያዮች ግን በጣም የተወሳሰቡ ናቸው፣ እና ከወደኋላው ብትጀምሪ ይሻልሻል።

አሁን ዋናው ችግር ይመጣል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው። የኢዛቤል ዳታ በሰዓት አንድ ጊዜ የተቀመጠ ነው፣ በጠቅላላው 48 ሰዓት። ከመሃል 30 ኪሎ ሜትር ላይ በሰከንድ 50 ሜትር የሚነፍስ አየር አንድ ሙሉ ዙር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ማለትም በሁለት ተከታታይ ዳታዎች መካከል አየሩ ዞሮ መጥቷል! በዚያ ላይ ሃሪኬኑ ራሱ ይጓዛል። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ቢሄድና አንቺ የሁለቱን ፋይሎች አማካይ ዝም ብለሽ ብትወስጂ፣ ግማሽ ሰዓቱ ላይ የምታገኚው አንድ ጥርት ያለ ዓይን ሳይሆን ሁለት የደበዘዙ ዓይኖች ነው፣ ኤፍቲኤልኢውም በሌለ ድንበር ይሞላል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ በየሰዓቱ ዝቅተኛውን የአየር ግፊት ፈልገሽ መሃሉን ያዢ፣ ሁለቱን ዳታዎች በመሃላቸው አስተካክለሽ ደርቢያቸው፣ የጉዞውን ፍጥነት ከነፋሱ ቀንሺ፣ አማካዩን ከዚያ በኋላ ውሰጂው።

ሌላው፣ በአንድ ከፍታ ብቻ አትሥሪ። ግድግዳው ውስጥ አየሩ በሰከንድ 5 ሜትር ወደ ላይ ከወጣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንቺ ያስቀመጥሽበት ንብርብር ላይ አይጠብቅሽም። ወደ ላይ የሚሄደውን ፍጥነት የግድ ጨምሪ።

ለምን ይሄን ያህል እለፋለሁ ካልሽ፣ ድንበሩ የሃሪኬኑ ጉልበት ጉዳይ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2003 ከአውሮፕላን የተጣለ መለኪያ በኢዛቤል ግድግዳ ውስጥ በሰከንድ 107 ሜትር ነፋስ መዝግቧል። በዓይኑ ታችኛው ክፍል ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ግድግዳው ሾልኮ እየገባ ተጨማሪ ጉልበት ይሰጠዋል የሚል ማብራሪያም ቀርቧል። ሾልኮ የሚገባበትን በር የሚያሳይሽ ደግሞ የነፋስ ፍጥነት ካርታ ሳይሆን ይሄ ዘዴ ነው። (በነገራችን ላይ ኢዛቤል የተነሳው በሴፕቴምበር 1 የአፍሪካን ዳርቻ ለቆ ከወጣ የአየር ሞገድ ነው፤ የእነዚህ ሞገዶች አነሳስ ሲጠና የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎችም ስማቸው ይነሳል። እኔን በግሌ ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ይሄ ነው።)

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ከግድግዳው ወጣ ሲባል የነፋሱ ፍጥነት ቶሎ ስለሚቀንስ፣ የውስጠኛው ቅንጣት የውጪውን ጥሎት ይሄዳል፤ ሁለቱም በየክባቸው ላይ ናቸው፣ ግን ስለተራራቁ ብቻ ሸንተረር ይወጣል። እያንዳንዱን ሸንተረር ድንበር ነው ብለሽ አትመኚ። በግራና በቀኙ ቅንጣቶች ጣዪና ተከተያቸው። ከተቀላቀሉ፣ ወይም በየክባቸው ላይ እንዳሉ በዙር ብቻ ከተቀዳደሙ፣ ሸንተረሩን ተዪው። የማስኬጃ ሰዓቱንም አንዴ አሳጥረሽ አንዴ አርዝመሽ እዪው፣ ቦታውን የሚለዋውጥ ከሆነ አይያዝም። የተረፈሽን ምስል እዚህ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።