የኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ማይነር፦ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ኮሌጅ ሆናችሁ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስን (የሳይንስ ጥያቄዎችን በኮምፒውተር ስሌት መፍታትን) በማይነር፣ ማለትም ከሜጀራችሁ (ከዋናው ትምህርታችሁ) ጎን በሁለተኛነት መውሰድ ለምታስቡ፣ ዛሬ ማታ እመልሳለሁ። ዝርዝሩ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፤ የራሳችሁን ካታሎግ አንብባችሁ ኑ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ኑሜሪካል አናሊሲስን (ኮምፒውተር በግምት የሚያሰላበትን ዘዴና ስህተቱን የሚያስተምረውን ኮርስ) ለመጨረሻው ሴሚስተር አታቆዩ።

ከሚኒያፖሊስ፦ ጋሼ፣ ሜጀሬ ባዮሎጂ ነው። እህታችሁን ምን ምን ውሰጂ ትሏታላችሁ?

መልስ፦ ካልኩለስ 1 እና 2፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ አንድ የፕሮግራሚንግ ኮርስ፣ ኑሜሪካል አናሊሲስ። ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን (ነገሮች በምን ፍጥነት እንደሚለወጡ የሚገልጽ ቀመር) ከጨመርሽ በጣም ጥሩ። የበሽታ ስርጭት የሚጻፈው በእሱ ነው።

ከዳላስ፦ ኑሜሪካል አናሊሲስ ለምን ያስፈልገኛል? ላይብረሪው (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) ራሱ ያሰላው የለ እንዴ?

መልስ፦ ያሰላል። ልክ መሆኑን ግን በምን ታውቃለህ? ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ክፈትና 0.1 + 0.2 ብለህ ጻፍ። 0.30000000000000004 ይልሃል። ማሽኑ አልተበላሸም። እኛ አንድ ሦስተኛን በአስርዮሽ ጽፈን እንደማንጨርሰው፣ ኮምፒውተርም 0.1ን በ0 እና በ1 ጽፎ አይጨርሰውም። የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል።

ቁራጯ ትንሽ ናት ብለህ አትናቃት። እ.ኤ.አ. በ1991 ሳውዲ አረቢያ፣ ዳህራን ላይ የነበረው የፓትሪዮት ፀረ ሚሳኤል ጊዜ የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አስረኛ ነበር። በየቆጠራው የምትቆረጠው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ታንሳለች። ሲስተሙ ግን ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሠራ። ስህተቱ ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ፓትሪዮቱ ሊመታው የሚገባው የኢራቅ ስከድ ሚሳኤል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ፓትሪዮቱ የተሳሳተ ቦታ ፈለገው፤ አጣው። 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ። ይህን በ2ኛ ዓመት የተማረ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚጽፈውን ኮድ ሁሉ ይፈትሻል። 4ኛ ዓመት ላይ ሲደርስበት ግን ፕሮጀክቱን ጨርሷል።

ከሲያትል፦ ማትላብ (የሚከፈልበት የስሌት ሶፍትዌር) ወይስ ፓይተን?

መልስ፦ ኮርሱ የጠየቀህን።

ከአትላንታ፦ ፓይተን ነው እንጂ! የማትላብ ፈቃድ ስትመረቅ ይቋረጣል።

ከሂውስተን፦ ኦክታቭ አለልህ፣ በነፃ። ማትላብ የቻለ ኦክታቭ አይከብደውም።

ከአትላንታ፦ እስቲ ኦክታቭ ላይ ሲሙሊንክ (ከማትላብ ጋር የሚሠራው፣ ሲስተምን በሥዕል መገንቢያ) አሳየኝ?

መልስ፦ በቃ፣ ሁለታችሁም። ማትላብም፣ የፓይተኑ የስሌት ላይብረሪ ኑምፓይም ማትሪክስ ሲፈቱ ያንኑ ላፓክ የሚባለውን የማትሪክስ ላይብረሪ ነው የሚጠሩት። ላፓክ ፎርትራን በሚባል የቆየ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከዴንቨር፦ ይከብዳል?

መልስ፦ ምኑ? ሜጀርህ ምንድን ነው? እስካሁን ምን ወስደሃል? ጥያቄህን አስተካክለህ ና።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ኑሜሪካል አናሊሲስን መጨረሻ ላይ ብወስደው ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ። አታቆዪው። ብዙ ቦታ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። ካመለጠሽ ማይነሩም አብሮ ይቀራል።

ከኦክላንድ፦ ደመወዙስ?

መልስ፦ ስለ ደመወዝ አልመልስም።

ከአዳማ፦ እኔ ፊዚክስ ተማሪ ነኝ። እኛ ጋ ይህ ማይነር የለም። ብቻዬን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጥሩ ጠየቅህ ወንድሜ። ፓይተን ነፃ ነው። ከሜካኒክስ ኮርስህ ፔንዱለም ውሰድና በኦይለር ዘዴ (ጊዜን በትንንሽ እርምጃ እየቆራረጠ በሚያሰላው ቀላል ዘዴ) ፍታው። ሰበቃ ሳይኖር፣ የሚገፋውም ሳይኖር ኢነርጂው እየጨመረ ሲሄድ ታያለህ። ያ የፊዚክሱ ሳይሆን የዘዴው ስህተት ነው። እርምጃህን በግማሽ ስትቀንስ ስህተቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከዚያ በ4ኛ ደረጃው ሩንጌ ኩታ፣ ይበልጥ ትክክለኛ በሆነው ዘዴ ድገመው። እዚያ እርምጃው ሲገመስ ስህተቱ ወደ አንድ አስራ ስድስተኛ ይወርዳል። ሁለቱን ግራፎች ሥራና ላክልኝ፤ አይልሃለሁ።