«ማህፀንሽ የሚያውቀው ሴት ብቻ ነው» የተባለችው እናት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ፤ አሁን የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። አማቴ «ማህፀንሽ የሚያውቀው ሴት ብቻ ነው» ይሉኛል፤ ባለቤቴም ሰምቶ ዝም ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ወንድሜ ሄሞፊሊያ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት በሽታ) አለበት፤ ፋክተር 8 የተባለው ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ይጎድለዋል ተብሏል። የእናቴ ወንድምም በልጅነቱ ጥርሱ ተነቅሎ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተው። እኔ ባለፈው ወር የፋክተር 8 መጠኔ ተለክቶ «ትክክል ነው» ተብያለሁ፤ ልጆቼም ጤነኞች ናቸው። እንግዲህ በሽታው አልፎኛል ማለት ነው? ወንድ ብወልድስ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የአማትዎን ነገር ላንሣ፤ ይህን ወቀሳ ተሸክመው የሚመጡ እናቶችን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ጾታን ከሚወስኑት ሁለት ክሮሞሶሞች (ዘረመል የሚይዙ ክሮች)፣ ከኤክስና ከዋይ፣ የእናት እንቁላል ሁልጊዜ የሚይዘው ኤክስን ነው። ዋይ የሚመጣው ከአባት ዘር ብቻ ነው፤ ፅንሱን ወደ ወንድነት የሚመራው ኤስአርዋይ የተባለው ዘረመልም ያለው እዚያው ዋይ ላይ ነው። ጥፋቱን ወደ ባለቤትዎ ማሻገሬ አይደለም፤ እሳቸውም አይመርጡም። ነገር ግን ይህን ገጽ ለእናታቸው ራሳቸው ያንብቡላቸው።

ፍርሃትዎ ግን ተገቢ ነው። የፋክተር 8 ዘረመል የሚገኘው ኤክስ ላይ ነው። ወንድምዎና አጎትዎ ሁለቱም ከታመሙ፣ እናትዎ ተሸካሚ (ጉድለት ያለበትን ዘረመል ይዘው ለልጆቻቸው ሊያስተላልፉ የሚችሉ) ናቸው። ከሁለቱ ኤክሶቻቸው የታመመው ወይም ጤነኛው ደርሶዎታል፤ ዕድሉ እኩል ነው። ተሸካሚ ከሆኑ፣ የሚወልዱት እያንዳንዱ ወንድ ልጅ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው፤ እያንዳንዷ ሴት ልጅም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። ሴቶቹ ከአባታቸው ጤነኛ ኤክስ ስለሚያገኙ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው አይጸናባቸውም። ስለዚህ የሦስቱ ልጆችዎ ጤንነት፣ ደስ ቢያሰኝም፣ ስለ እርስዎ የሚነግረን ነገር የለም።

«ትክክል ነው» የተባለው ልኬትም እንዲሁ። በሴት አካል እያንዳንዱ ሕዋስ ከሁለቱ ኤክሶች አንዱን ዝም ያሰኛል፤ የትኛው ዝም እንደሚል ዕጣ ነው። ስለዚህ ብዙ ተሸካሚዎች የፋክተር መጠናቸው ደህና ይሆናል። በዚያ ላይ እርግዝና ራሱ ፋክተር 8ን ከፍ ያደርጋል። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት የእርስዎን ዓይነት ወረቀት የያዘች እናት መጥታ ቁጥሩን አይቼ ብቻ «ነፃ ነሽ» ብያት ነበር። ልጇ በክትባት መርፌ የተወጋበት ጭኑ በደም አብጦ ተመልሳ መጣች። ያቺን እናት አልረሳትም።

የሚያስፈልግዎ የዘረመል ምርመራ ነው፤ የሚጀመረውም ከወንድምዎ ነው። ጉድለቱ በእሳቸው ደም ውስጥ ይፈለጋል፤ ከባድ ከሆነው ሄሞፊሊያ ኤ (የፋክተር 8 ጉድለት የሆነው ዓይነት) ግማሽ ያህሉ መነሻው የዘረመሉ አንድ ክፍል መገልበጥ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል። ከተገኘ በኋላ ያንኑ በእርስዎ ላይ መፈለግ ቀላል ነው። ወንድምዎን በዚህ ሳምንት ያነጋግሩ፤ ወራቱ እየገፉ ነው።

የፅንሱን ጾታ በአልትራሳውንድ ማወቅ ይቻላል። ወንድ ከሆነና እርስዎ ተሸካሚ ከሆኑ፣ ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ከእንሽርት ውሃ ናሙና ወስዶ መመርመር ይቻላል፤ ጥቂት የውርጃ ስጋት ስላለው ይደረግ አይደረግ የሚወስኑት እርስዎና ባለቤትዎ ናችሁ። ባይደረግም የሚያዋልድዎ ሐኪም ከወዲሁ ሊያውቅ ይገባል፤ ሕፃኑ በቫኪዩም ወይም በፎርሴፕስ ተስቦ እንዳይወጣ፣ ፋክተሩ ከእትብት ደም እንዲለካ፣ ውጤቱ ሳይታወቅም ጡንቻው ላይ መርፌ እንዳይወጋ። ቢታመም እንኳ የጎደለው ፋክተር በመርፌ ይተካል፤ በአጎትዎ ዘመን ያልነበረ ነገር ነው።

እርስዎ ተሸካሚ ሆነው ከተገኙ ሦስቱ ልጆችዎም ይለኩ፤ በተለይ የወር አበባ ከመጀመራቸው በፊት፣ አለበለዚያም ጥርስ ከመነቀላቸው በፊት።