ለሰርግ ብሎ መክሳት

ሰሞኑን አንዲት የጎረቤት ልጅ ቡና ላይ «ጋሼ፣ ሚዜ ልሆን ነው፤ በወር 10 ኪሎ የሚያስቀንስ ነገር ይንገሩኝ» አለችኝ። ደሴ ውስጥ ስፖርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መልስ ይጠፋዋል ብላ አልጠረጠረችም። እኔ ግን አንድ ወዳጄ ትዝ ብሎኝ ዝም አልኩ።

ወዳጄ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። የአሰብ መንገድ በደራበት ዘመን ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ይወርዳል፣ ጭኖ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ፣ ማታ ጥብስ ላይ። ቦርጩ መሪውን መንካት ጀመረ። የልጁ ሰርግ ሲቃረብ የሱፉ ቁልፍ አልደርስ አለው። ያኔ ነው ጉድ የፈላው።

ቱታው ስር ላስቲክ ለብሶ ሆጤ ሜዳ ይመጣል። ሲሮጥ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ጨርሶ እጅጌውን ሲፈታው ላቡ መሬት ላይ ዥው ይላል። «አየህ ስቡ ሲቀልጥ!» ይለኛል። «ወንድሜ፣ ይሄ ውሃ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል» ብል ማን ሰምቶኝ። በቀን አንዴ ብቻ ይበላል፣ ሌሊት ራሱን ያዞረዋል። ለሰርጉ ሱፉ ተቆለፈ፣ ሰዉም አደነቀው። ፊቱ ግን የተጨመቀ ሎሚ መስሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሜዳውን ረግጦት አያውቅም። ኪሎው ተመለሰ፣ እንዲያውም ጨመረ። «ና እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በእግራችን ደርሰን እንምጣ» ስለው «እኔ እንዳንተ ሥራ ፈት ነኝ?» ይለኛል። ቆይቶ ስኳር ያዘው፣ እግሩን ያመው ጀመር። መሄድ ሲያምረው መሄድ አቃተው። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ያን ላስቲክ አይለብስም ነበር።

ለልጅቷ ሂሳቡን ነገርኳት። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በወር 10 ኪሎ ማለት በየቀኑ ከ2,500 ካሎሪ በላይ ማጉደል ነው። ብዙ ሴት በቀን ይህን ያህል አትበላም! በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ነው። ረሃቡ ሲበረታ ደግሞ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነስሽ ጎበዝ ነሽ፤ «ለሰርጉ አብሽሪ፣ ቀሚሱን በልክሽ አሰፊ» አልኳት። ተኮሳተረችብኝ።

ቡና ተዉ አልልም። ወሎ ተቀምጦ እንዲህ የሚል ሰው ራሱ ይታከም። ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስትሉ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከጨመራችሁ 24 ግራም ገባ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀኑ ቢቻል ከ25 ግራም ባይበልጥ ይላል። ጾም ያከሳል የሚባለውም ሁልጊዜ አይሠራም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ አለው፤ የጾም ወጡም የማፍጠሪያው ሳምቡሳም ዘይት ጠጥተው ነው የሚቀርቡት። ሽሮውንና ምስሩን ግን አትቀንሱ፤ ያጠግባሉ፣ ለጡንቻም ይሆናሉ።

የዘንድሮ ልጆች ርምጃችሁን በስልክ ትቆጥራላችሁ፤ ከፒያሳ አራዳ ለመሄድ ግን ባጃጅ ትጠራላችሁ። ጂም ገብታችሁ ከብረቱ መስታወቱን ታበዛላችሁ። ቢሆንም ሴቶች ክብደት ሲያነሱ ሳይ ደስ ይለኛል፤ በእኛ ጊዜ ነውር ነበር። ሲት አፕ ብቻውን ቦርጭ አያጠፋም፤ ስብ ከየት እንደሚቀንስ የሚመርጠው ሰውነታችሁ ነው።

ለጀማሪ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ ርምጃና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር በቂ ነው። ፑሽ አፕ ካቃታችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ጀምሩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳ ተራራ ዳገት ያለ ክፍያ ያስተነፍሳችኋል። እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነት ቀንሱ። ሚዛን ላይ አትመላለሱ፣ ያበሳጫል። እኔ ራሴ በየሳምንቱ እመዘናለሁ፤ እሱን ተዉት።

ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያማክር። ጫማ ላይ ደግሞ አትሰስቱ። ሰልባጅም ቢሆን ግድ የለም፣ ሶሉ ያላለቀ ይሁን፤ የደሴ ቁልቁለት ጉልበት አይምርም።