የጾም ማኪያቶ ወተት ነው ወይስ ጥራጥሬ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ጾም በገባ ቁጥር ካፌዎቹ ከአኩሪ አተር ወተት የተሠራ «የጾም ማኪያቶ» ያቀርባሉ። እኔ እጠጣለሁ፤ እናቴ ግን «ነጭ ሆኖ አረፋ እያወጣ ምኑን ጾም ሆነ? ራስሽን አታታልዪ» ትለኛለች። በፍልሰታ ደግሞ የአራት ዓመት ልጄን የላም ወተት ከልክዬ ይህንኑ ልሰጠው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከእናትሽ ጋር እንዳላጣላሽ ከእሳቸው ልጀምር። በልጅነትሽ ሱፍ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ አጥልለው፣ በዚያ ነጭ ውሃ እንጀራ ፈትፍተው አላበሉሽም? ያም እንደ ወተት የነጣ ነበር፤ ጾም አፈረሰ ያለው ሰው ግን አልሰማሁም። የአኩሪ አተሩም አሠራር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ፍሬው ሲነከር አድሮ ይፈጫል፣ ይጠለላል፣ ይፈላል። በጾም የምንከለከለው ከእንስሳ የሚገኘውን ነው፤ ሥጋውን፣ ወተቱን፣ ቅቤውን፣ እንቁላሉን። ቀለም አልተከለከለም። ዳንኤልና ጓደኞቹም በባቢሎን የለመኑት ጥራጥሬና ውኃ ነበር (ዳን. 1፥12)። ስለዚህ ይጠጣል። (የሐዋሳ ሰው ነሽና ቀጥሎ ስለ ዓሣ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ፤ እሱን ሌላ ቀን።)

እናትሽ ግን የፈሩት ነገር አለ፤ እሱ ደግሞ እውነት ነው። አንድ ረቡዕ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ወጣት አስተናጋጇን «እርግጠኛ ነሽ የጾም ነው?» እያለ ሦስት ጊዜ ሲጠይቃት ሰማሁ። ካረጋገጠች በኋላ ተረጋግቶ ጠጣ። ስለ ሰዓቱ ግን ራሱን አንድ ጊዜም አልጠየቀም። ፍትሐ ነገሥቱ በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲናገር በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከልን ያስቀድማል፤ የሚበላው ዓይነት ከዚያ በኋላ ነው። ከእህል ውሃ ሳንከለከል የጾም ማኪያቶ እየጠጣን ብናረፍድ፣ የለወጥነው ላሟን ብቻ ነው። ቅዱስ ዳዊት በመዝሙር 108 ጉልበቱ በጾም እንደ ደከመ ይናገራል፤ የእኛ ጉልበት የሚደክመው መቼ ነው?

ካፌ ስትገቢ አንድ ነገር አጣሪ። ለቡና ማንጫ የሚሸጡ አንዳንድ ዱቄቶች የወተት ምትክ ቢባሉም ኬዚን የሚባል የወተት ፕሮቲን አለባቸው። ማሸጊያውን ማንበብ ነው። የላም ወተት የፈላበት ማንቆርቆሪያ ሳይታጠብ የጾሙ እንዳይፈላበትም ብትጠይቂ አያሳፍርም።

ወደ ልጅሽ ልምጣ፤ ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። አታድርጊው። የጾም ግዴታ የሚጀምረው ከሰባት ዓመት ነው። በፍልሰታ የቻለውን ያህል ሳይበላ አስቀድሺው፣ አቁርቢው፤ ቤት ሲገባ ወተቱን ይጠጣ።

ሁለቱ መጠጦች ደግሞ በስም ይገናኙ እንጂ እኩል አይደሉም። በፕሮቲን ይቀራረባሉ፤ 100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት 3.3 ግራም ገደማ ሲኖረው ጥሩ ሆኖ የተሠራ የአኩሪ አተር ወተት 3 ግራም ያህል አለው። በካልሲየም ግን ይራራቃሉ፤ የላሙ 120 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ምንም ያልተጨመረበት የአኩሪ አተሩ 25 አካባቢ ነው። ቫይታሚን ቢ 12 በላም ወተት ይገኛል፤ በአኩሪ አተር ውስጥ የለም። አጥንቱ በመጠንከር ላይ ላለ ሕፃን ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ፋብሪካ ካልሲየምና ቫይታሚን የጨመረበት እሽግ ይሻላል፤ ቤት የምታዘጋጂው ግን ይህ የለውም። አኩሪ አተር የማይስማማቸው፣ ሰውነታቸው የሚያብጥባቸውና የሚያሳክካቸው ልጆችም አሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ሁለቱም የእናት ጡትን አይተኩም።

ለአንቺ ለትልቋ ጥሩ መጠጥ ነው። ኮሌስትሮል የለውም፤ ወተት ጠጥቶ ሆዱን ለሚነፋው ሰው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ስለሌለው ይስማማዋል። በሁዳዴ 55 ቀን የሚጎድልሽን ካልሲየም ከጎመን፣ ከሰሊጥና ከጤፍ እንጀራ ፈልጊ። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቢ ከሆነ ግን ከንስሐ አባትሽ ጋር ሳትማከሪ ጾሙን አትጀምሪ፤ ለእንዲህ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች።

ቤት ማዘጋጀት ካማረሽ፣ አንድ ኩባያ ፍሬ ነክረሽ አሳድሪ፣ ልጡን አሽተሽ አውጪ፣ በስምንት ኩባያ ውሃ ፍጪና አጥልዪ። ከዚያ ከገነፈለ በኋላም እሳቱን ቀንሰሽ ሩብ ሰዓት ያህል እያማሰልሽ አፍዪው። ጥሬው፣ ሆድ ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር ስላለው፣ ሆድ ይረብሻል። ወንፊት ላይ የቀረውን አትጣዪው፤ ከሽሮ ጋር ይሄዳል። ማጥለሉን ደግሞ እናትሽን ጠይቂያቸው፤ በሱፍ የለመዱት ሥራ ነው።