በራስ ፈቃድ ሲለቁ የስንብት ክፍያ አለ?

እህቴ፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ 7 ዓመት ሠርተሽ በራስሽ ፈቃድ ብትለቂ የስንብት ክፍያ ታገኚ እንደሆነ ጠይቀሻል። ባለቤቱ «ጡረታ ስለሚቆረጥልሽ የለሽም» ማለቱን አትስሚው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 39 መሠረት ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅም ይከፈለዋል። የጡረታው ነገር የሚነሳው በጡረታ ዕድሜ ለሚሰናበት ሰው ነው። አንቺን የሚያግድሽ፣ ካፌው አሠልጥኖሽ «ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብለሽ ፈርመሽ ከሆነ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ በኋላ ለያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ። ደሞዝሽ 9,000 ብር ነው ብለሻል። ስለዚህ 9,000 ሲደመር 6 ጊዜ 3,000፣ በድምሩ 27,000 ብር። ጣሪያው የ12 ወር ደሞዝ ስለሆነ አንቺ ገና ሩቅ ነሽ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ እሱም በብር ይታሰባል።

ብቻ ተናደሽ ጥለሽ እንዳትወጪ! የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪና አንቺ ጋ በሚቀረው ቅጂ ላይ አስፈርሚ። ክሊራንስ (ስትለቂ የሚያስፈርሙሽን የመልቀቂያ ወረቀት) ሲያቀርቡልሽም በደንብ አንብቢው። «ምንም ቀሪ ሒሳብ የለኝም» የምትል መስመር ብዙ ጊዜ ከታች ትደበቃለች፤ ገንዘቡ እጅሽ ሳይገባ አትፈርሚ።

ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው። ካንገራገሩ ክስ ይቻላል፣ ፍርድ ቤቱም ለመዘግየቱ እስከ 3 ወር ደሞዝ ሊያስጨምራቸው ይችላል። ግን ከ6 ወር በላይ ከቆየሽ ክሱ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው ያልፍብሻል።